ባጁ ሌላ፣ ቀፎው ሌላ፦ የአሮጌዎቹን የአሜሪካ ድራሞች እንጨት ማን ሠራው?

ለድራመሮች፣ ለመሣሪያ ጠጋኞችና ለአናጺዎች የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ ቀርቧል።

የተከበራችሁ ድራመሮች፣ የተከበራችሁ የእንጨት ሙያተኞች፣ እንዲሁም አሮጌ ዕቃ ገዝታችሁ የምትሸጡ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ኋላ መነካት ያለበት ነገር አለ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አራት የድራም ቀፎዎች ተደርድረዋል። ቆዳቸው ተነስቷል፣ ቀለበታቸው ተፈትቷል፣ ባጃቸውም፣ ማለትም የድርጅቱ ስም ያለበት ትንሽ ብረት፣ ተነቅሏል። ሆን ተብሎ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ እያንዳንዱን ማን እንደሠራው የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላስታውቅ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «ቀፎ» ስል ደግሞ የድራሙን ክብ እንጨት ብቻ ማለቴ ነው። ብረቱን፣ ቆዳውንና ከውጭ የሚለበጠውን የፕላስቲክ ልባስ አውጥታችሁ ጣሉ፤ የሚቀረው ቀፎው ነው።

ጥያቄው ይኸው ነው፦ ባጁ ላይ «ግሬች» የሚል ድራም ገዛችሁ እንበል። እንጨቱን ግሬች ነው የሠራው? «ሮጀርስ» የሚለውንስ ሮጀርስ ነው የሠራው? «ካምኮ» የሚለውንስ? የሦስቱም መልስ አንድ ነው፦ አይደለም። በ1960ዎቹ እነዚህ ሦስት ተፎካካሪዎች ቀፎ የሚገዙት ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅለው «የኔ ይበልጣል» ይባባላሉ፤ እንጨታቸው ግን የአንድ አባት ልጅ ነው!

በሦስት ነጥብ እሄዳለሁ። አንደኛ፣ ቀፎ እንዴት ይሠራል? ሁለተኛ፣ ማን ሠራው? ሦስተኛ፣ እጃችሁ ላይ ያለውን እንዴት ትለያላችሁ፣ ሲበላሽስ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ለእሱ ነውና የተሰበሰብነው።

አንደኛው ነጥብ፣ አሠራሩ።

የእኛ ከበሮ ከግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። መጋጠሚያ የለውም፣ ኮላ የለውም። የአሜሪካኑ ድራም ግን ተጣጥፎ የሚሠራ ነው፤ ጠፍጣፋ እንጨት ክብ ይደረጋል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው እዚህ ጋ ነው። ጠፍጣፋ የነበረ እንጨት ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጠፍጣፋነቱ ልመለስ ይላል። ቀፎ ሠሪ ማለት ይህንን ፍላጎት አሸንፎ የሚያስቀምጥ ሰው ማለት ነው።

ለዚህ ሁለት መንገድ ነበር። ቀደም ያለው አንድ ወጥ ሳንቃ በእንፋሎት ማጠፍ ነው። ለ14 ኢንች ስኔር፣ ማለትም ከሥሩ ሽቦ ላለው ትንሽ ድራም፣ ዙሪያው 44 ኢንች ነው፤ መጋጠሚያው ሲጨመር ሳንቃው ከዚያ ረዘም ይላል። ውፍረቱ ሩብ ኢንች ገደማ ነው። በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የሙያው ልማድ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ትኩስ እያለ ሞልዱ ላይ ይጠቀለላል፣ ይታሰራል፣ እስኪደርቅ ይቆያል። ሁለቱ ጫፎች በሰያፍ ተቆርጠው አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ ይጣበቃሉ። ሰያፍ የሆነበት ምክንያት ኮላው የሚይዘው ገጽ እንዲሰፋ ነው። ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ቢገጥም ይከፈታል። ከዚያም ላይና ታች ከውስጥ በኩል የማጠናከሪያ ቀለበት ይጣበቃል። ቀለበቱ ለጌጥ የገባ እንዳይመስላችሁ፤ ሳንቃው ልዘርጋ ሲል የሚከለክለው እሱ ነው። የስሊንገርላንድ «ሬዲዮ ኪንግ» ስኔር፣ ድራመሩ ጂን ክሩፓ ያስጠራው ማለት ነው፣ እንደዚህ ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት አንድ ወጥ ሆኖ የታጠፈ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ንብብር ነው። አናጺዎች፣ ኮምፔንሳቶ ታውቃላችሁ አይደል? ይኸው እሱ ነው፤ ልዩነቱ ክብ ሆኖ መጣበቁ። ግንዱ በእርጥበትና በሙቀት ይለሰልሳል፣ ማሽን ላይ ይሽከረከራል፣ ረጅም ቢላዋ ይደገንበታል። እንጨቱ እንደ ወረቀት ጥቅል ይፈታል። የተላጠው ስስ ሉህ ይደርቃል፤ እርጥበቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ እስኪወርድ ድረስ። ከዚያ በላይ ከሆነ ኮላው በደንብ አይዝም፣ በኋላም እንጨቱ ሲኮማተር ንብብሩ ይላቀቃል።

ቀጥሎ መቁረጥ። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ስድስት ንብብር ያለው ቀፎ ስድስት እኩል ሉህ አይደለም። እያንዳንዱ የውስጥ ንብብር ከላዩ ያጥራል። በስንት? የሉሁ ውፍረት በሁለት፣ ከዚያም በ3.14 ይባዛ። ሉሁ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ከላዩ በ6.3 ሚሊ ሜትር ያጥራል ማለት ነው። ስድስተኛው ከመጀመሪያው ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ አጥሮ ይገባል። ሁለት ሚሊ ቢያጥር ክፍተት ይቀራል፣ ክፍተቱን ኮላ ይሞላዋል፤ ኮላ ደግሞ እንጨት አይደለም፣ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል። ሁለት ሚሊ ቢረዝም ጫፉ ጫፉ ላይ ይወጣና ጉብታ ይሆናል። አሮጌ ቀፎ ውስጥ እጃችሁን ስታዞሩ የምትነኩት ሽንቁር ወይም ጉብታ ከዚህ የመጣ ነው።

የእንጨቱ ጅማት አቅጣጫም ይፈራረቃል፤ አንዱ ንብብር ዙሪያውን፣ ቀጣዩ ከላይ ወደ ታች። ለምን? እንጨት በጅማቱ አግድም ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ በጅማቱ ርዝመት ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሲፈራረቁ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። የየንብብሩ መጋጠሚያም አንድ ቦታ ላይ እንዳይደራረብ ይበተናል። ከዚያ ኮላ ተቀብቶ ክብ ሞልድ ውስጥ ይገባል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ይሞቃል፣ ይደርቃል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞልዱ ለእያንዳንዱ ስፋት የተለየ ነው። ለ12፣ ለ13፣ ለ14፣ ለ16፣ ለ18፣ ለ20፣ ለ22 ኢንች፣ ለሁሉም አንድ አንድ ሞልድ ያስፈልጋል። የመላጫ ማሽን፣ የማድረቂያ ክፍል፣ ማሞቂያ መጭመቂያ ደግሞ በላዩ ጨምሩበት። ለአንድ የድራም ድርጅት ይህ ሁሉ ያዋጣል? ለትልቁ ያዋጣል። ለሌላው አያዋጣም። ወደ ሁለተኛው ነጥብ የሚወስደን ይኸው ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማን ሠራው?

ራሳቸው ከሠሩት እንጀምር። ሁለቱም የቺካጎ ናቸው፦ ሉድቪግና ስሊንገርላንድ። ሉድቪግ በ1909 በሁለት ወንድማማቾች ተመሠረተ። በ1929ና በ1930 መባቻ ለሙዚቃ መሣሪያ ሠሪው ኮን ድርጅት ተሸጠና ወደ ኤልካርት፣ ኢንዲያና ሄደ። ታላቁ ዊሊያም ሉድቪግ ግን አላስችል አለው። በ1937 «ደብልዩ ኤፍ ኤል» ብሎ፣ የገዛ ስሙን መጠቀም ስለማይችል በፊደላቱ፣ አዲስ ድርጅት ከፈተ። ስሙን መልሶ የገዛው በ1955 ነው። ስለዚህ ባጁ ላይ «ደብልዩ ኤፍ ኤል» ያለ ድራም ብታገኙ «የማላውቀው ዕቃ» ብላችሁ አትለፉት። ያው ቤት ነው።

በቺካጎው የዴመን ጎዳና ፋብሪካ ሉድቪግ ባለ 3 ንብብር ቀፎ ራሱ ይሠራ ነበር። ከውጭ ማሆጋኒ ወይም ሜፕል፣ መካከሉ ፖፕላር፣ ላይና ታች የማጠናከሪያ ቀለበት። ራሱ ለመሥራቱ ጥሩ ማስረጃ አለ፤ የልባሱን ጫፍ ተመልከቱ። የፕላስቲኩ ልባስ ጫፍ በብዙዎቹ ላይ ከእንጨቱ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል። እንዲህ የሚሆነው ልባሱና ቀፎው በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ሲሠሩ ብቻ ነው። ባዶ ቀፎ ከሌላ ከተማ ገዝቶ ያመጣ ሰው እንዲህ ማድረግ አይችልም። ጠጋኞች፣ ይህንን አስተውሉ፦ እንዲህ ዓይነቱን ልባስ በኃይል ከሳባችሁት መጋጠሚያውን ይዞት ይመጣል።

በየካቲት 1964 የቢትልስ ባንድ ድራመር ሪንጎ ስታር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲታይ ከፊቱ የነበረው ሉድቪግ ነው። ከዚያ በኋላ ፍላጎቱ ፋብሪካውን አጥለቀለቀው። ወጥነት የሚጎድላቸው ቀፎዎች፣ ቆዳው የሚያርፍባቸው ያልተስተካከሉ ጠርዞች፣ ተጣድፎ የተቀባ ውስጥ በብዛት የምታዩት በዚያ ዘመን ምርት ላይ ነው። በዋጋ ግን ውድ የሆኑት እነሱው ናቸው። ገበያ እንዲህ ነው፤ ምን ይደረግ!

ስሊንገርላንድም እንዲሁ የራሱን ቀፎ ሠሪ ነበር፣ መጀመሪያ ቺካጎ፣ ከ1960 ጀምሮ በአቅራቢያው ባለችው ናይልስ። ባለ 3 ንብብር ከነቀለበቱ፣ በ1970ዎቹ ባለ 5 ንብብር።

አሁን ወደ ገዢዎቹ። ኢንዲያና ግዛት ደቡብ ውስጥ ጃስፐር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የጀርመን ስደተኞች የሰፈሩባት፣ ዙሪያዋን ጠንካራ እንጨት ያለ ጫካ የከበባት፣ በቢሮ ዕቃና በቁም ሣጥን የምትታወቅ ከተማ ናት። የኪምቦል ፒያኖን ድርጅት በ1959 የገዛውም የዚህችው ከተማ ድርጅት ነው። የሚላጥ እንጨት፣ መጭመቂያ፣ ማድረቂያ፣ እጁ የሰላ ሠራተኛ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ለድራም ቀፎ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ጃስፐር ውድ ፕሮዳክትስ ለግሬች ሠራ፣ ለሮጀርስ ሠራ፣ ለካምኮ ሠራ።

ግሬች ከ1883 ጀምሮ የብሩክሊን ሰው ነው። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ባለ 3 ንብብር ይጠቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ከጃስፐር የመጣው ባለ 6 ንብብር፣ ቀለበት የሌለው ቀፎ ገባ። ሜፕልና ገም የሚባለው እንጨት ተቀላቅሎበታል። ገም ለስለስ ያለ፣ ከሜፕል የሚረክስ፣ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ከሥር የሚያስገቡት እንጨት ነው። ጃስፐር የቤት ዕቃ ከተማ ስለሆነች እዚያ ሞልቷል። የጃዝ ድራመሮች «የግሬች ድምፅ» እያሉ የሚያወድሱት፣ እንግዲህ፣ በከፊል የቁም ሣጥን እንጨት ድምፅ ነው። ይህን ስል ማንቋሸሼ አይደለም፤ ጥሩ ድምፅ ነው። ግሬች የራሱን ነገር ጨምሯል፦ ጠርዙን 30 ዲግሪ ቆርጦታል፣ ውስጡን ብርማ ቀለም ቀብቶታል፣ ከላይ ቆዳውን የሚይዝ፣ ተቀልጦ በሞልድ የወጣ ወፍራም የብረት ቀለበት አድርጎበታል። ድምፁ የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ሮጀርስ ኮቪንግተን፣ ኦሃዮ ነበር። ብረታ ብረቱ ላይ ማንም አይደርስበትም። እንጨቱ ግን የጃስፐር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ባለ 5 ንብብር ከነቀለበቱ፣ ውስጡ ግራጫ ቀለም። በ1966 የአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ሲ ቢ ኤስ ገዛውና ሥራው ወደ ፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ ዞረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ «ኤክስ ፒ 8» የሚባለው ባለ 8 ንብብር ሜፕል መጣ። እሱ የጃስፐር አይደለም፤ የኬለር ነው።

ኬለር ማነው? ማንቸስተር፣ ኒው ሃምፕሻየር ያለ የእንጨት ሥራ ድርጅት። ቀፎውን ረዥም ቱቦ አድርጎ ይሠራና በሚፈለገው ጥልቀት ይቆርጠዋል። ጃስፐር የ1960ዎቹ ስም ከሆነ ኬለር ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ስም ነው። ግሬችም ኋላ ላይ ወደ ኬለር ዞሯል። የካሊፎርኒያው ድራም ሠሪ ዲ ደብልዩም የራሱን ቀፎ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ለብዙ ዓመታት ከኬለር ይገዛ ነበር።

ዲ ደብልዩን ካነሳሁ አይቀር ካምኮን ልጨርስ። መነሻው ጆርጅ ዌይ ነው፤ በኤልካርት ድርጅቱን ከፍቶ፣ ክብ የብሎን መያዣ ያለበት ድራም ሠርቶ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱ ከእጁ ወጣና ካምኮ ሆነ። ካምኮ ከኢሊኖይ ወደ ካንሳስ፣ ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ ተንከራተተ። በ1977 ገደማ ለሁለት ተከፈለ፦ ስሙን የጃፓኑ ሆሺኖ፣ ማለትም ታማ፣ ወሰደ፤ የማምረቻ መሣሪያውን ዲ ደብልዩ ወሰደ። ዛሬ በዲ ደብልዩ ላይ የምታዩት ክብ የብሎን መያዣ ከዚያ የመጣ ነው። ስሙ ወደ ጃፓን፣ ብረቱ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ እንጨቱ ቀድሞውንም የካምኮ አልነበረም!

ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ብረት ለጦርነት ይዋል አለና በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ብረት ከክብደቱ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከለ። ድራም ሠሪዎች ምን አደረጉ? የብሎን መያዣውንም፣ ቀለበቱንም፣ እግሩንም ከእንጨት ጠረቡ። የስሊንገርላንዱ «ሮሊንግ ቦምበር» የዚያ ዘመን ነው። እንጨቱ ብሎን አይችልም፤ ቆዳ ሲወጠር መያዣው ይሰነጠቃል። ሙሉ ሆኖ የተገኘ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ባለቤቶች ብረት ቀይረውበታል፣ አዲስ ቀዳዳ እየበሱ። ከ1940ዎቹ የመጣ ቀፎ ላይ ለምንም የማያገለግል ቀዳዳ ስታዩ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ መለየትና መጠገን። በፍጥነት እሄዳለሁ።

ባጅ አትመኑ። ባጁ የተያዘው አየር ቀዳዳው ላይ ባለች ትንሽ የብረት ዐይን ነው፤ በአምስት ደቂቃ ይነቀላል፣ በአምስት ደቂቃ ይተከላል። ሻጩ ቆዳ ለማንሳት ከፈቀደ የድራም ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ። ካልፈቀደ ባትሪ በአየር ቀዳዳው አስገቡ። ጨርሶ ካልፈቀደ? አትግዙ።

ንብብሩን ጠርዙ ላይ ቁጠሩ። ቀለበቱን አብራችሁ እንዳትቆጥሩ! ባለ 3 ንብብርን ከነቀለበቱ «ባለ 5 ነው» ብሎ የሚሸጥ አለ። ቀለበቱ ወደ ውስጥ ጥቂት ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ጣታችሁ ደረጃ ያገኛል። ከዚያ ቀለሙን እዩ። ብርማ ከሆነ ግሬች፣ ግራጫ ከሆነ ሮጀርስ፣ ነጭ ከሆነ ወይም ጠቃጠቆ ከረጨበት የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ሉድቪግ ገምቱ። ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማንም ብርማ ቀለም መግዛት ይችላል። ከንብብሩ ጋር መስማማት አለበት። ብርማ ቀለም፣ 6 ንብብር፣ ቀለበት የለሽ፣ 30 ዲግሪ ጠርዝ፦ አራቱ ሲገናኙ ያኔ እመኑ።

ክብነቱን ለኩ። ስፋቱን በአራት አቅጣጫ ውሰዱ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቆዳው በእኩል አይወጠርም። ከዚያ ቀፎውን ወፍራም መስታወት ላይ ድፉት፣ ውስጡ ባትሪ አብሩ፣ መብራት አጥፉና ዙሪያውን እዩ። ብርሃን የሚያሾልክበት ቦታ ጠርዙ የጎደለበት ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የ1950ዎቹ ቀፎ የተሠራው ለከብት ቆዳ ነው፤ ቆዳው ርሶ በልኩ ይለጠጥበት ነበር። የፕላስቲክ ቆዳ ከ1957 ገደማ ጀምሮ ሲስፋፋ ልኩ የማይለጠጥ የብረት ዙሪያ ይዞ መጣ። ስለዚህ አንዳንድ የዚያ ዘመን ቀፎ በትንሹ ይሰፋና ቆዳው አልገባ ይላል። አንዳንዱ ሰው ወዲያው ቀፎውን ይሞርዳል። እባካችሁ! እባካችሁ አትሞርዱ! መጀመሪያ የሌላ ድርጅት ቆዳ ሞክሩ፣ ልካቸው በጥቂቱ ይለያያል። ልባስ ካለው ልባሱ ተነፍቶ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያግደው እንጨቱ ሳይሆን የተነሳው ልባስ ነው።

የተላቀቀ ቀለበት ሲገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ። ስንጥቁን በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፤ በእርጥብ ጨርቅ አይሆንም፣ እንጨቱ ያብጣል። የእንጨት ኮላ ቀጭን አድርጋችሁ በመርፌ አስገቡ፣ በስስ ቢላዋ ወደ ጥልቁ ግፉት። ሞርሳው እንጨቱን እንዳይበላው ከሁለቱም በኩል ቁራጭ ጣውላ፣ ኮላው እንዳይይዘው ደግሞ ሰም የተቀባ ወረቀት አድርጉ። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ሞርሳ። አጥብቁ፣ ግን አትጭመቁ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ኮላው ሁሉ ይወጣና ደረቅ እንጨት ከደረቅ እንጨት ጋር ይቀራል። 24 ሰዓት አትንኩት።

ጠርዝ ግን አትቁረጡ። የ1960ዎቹ ሉድቪግ ጠርዝ ሞላላ ነው። «ዘመናዊ ላድርገው» ብሎ 45 ዲግሪ የሚቆርጥ ሰው ድምፁንም ዋጋውንም አብሮ ቆረጠው። ጎድጎድ ካለ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሻካራ ወረቀት ለጥፋችሁ፣ ቀፎውን እያዞራችሁ በቀስታ አሹት፣ በየጥቂት ዙሩ በባትሪ ፈትሹ።

ይኸው ነው። አሁን ወደ ጠረጴዛው ኑ። አንደኛው ከውስጥ ብርማ ነው። ሁለተኛው ግራጫ ነው፣ ቀለበት አለው። ሦስተኛው ልባሱ መጋጠሚያው ውስጥ ገብቷል። አራተኛው ውስጡ ያልተቀባ ነው፣ ቀለበትም የለውም፤ ንብብሩን እኔ አልነግራችሁም፣ ቁጠሩት። ባትሪ የያዛችሁ ቅድሚያ ውሰዱ። እጃችሁን ግን መጀመሪያ አድርቁ።